ጆሮዎን የሚመጥን ጫፍ፦ ለገመድ አልባ ማዳመጫ የስፖንጅ ጫፍ አመራረጥ

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ተረቱ የሚነገረው ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሁሉም በኋላ ስለሚሰማ ነው። ለጆሮ ማዳመጫ ግን ቃል በቃል ይሠራል። ማንም ሰው የራሱን የጆሮ ቀዳዳ ውስጡን አይቶ አያውቅም። ጠባብ ይሁን ሰፊ፣ ቀኙ ከግራው ይለይ አይለይ ሳያውቅ፣ ከሣጥኑ ጋር የመጣውን ላስቲክ እንዳለ ሰክቶ ዓመት ሙሉ ይጠቀምበታል።

ከቂርያት ማላኺ በማለዳ አውቶቡስ የሚሳፈር ሠራተኛ፣ ከያቭኔ በባቡር ወደ ቴል አቪቭ የምትሄድ ተማሪ፣ ገዴራ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ከጎንደር የመጣ የዋትስአፕ የድምፅ መልእክት የሚያዳምጡ እናት፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት ችግር ሊገጥማቸው ይችላል። ማዳመጫው ይላላል፤ የውጪ ጫጫታ ይገባል፤ የሚናገረው ሰው ድምፅ ይርቃል። ብዙ ጊዜ የሚወሰደው መፍትሔም አንድ ነው፤ ድምፁን ከፍ ማድረግ። ጉዳቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የሚመጥን ጫፍ የሚፈለገው ዘፈኑ እንዲያምር ብቻ አይደለም። ዋናው ጥቅሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መስማት ማስቻሉ ነው። በሌላ በኩል ጆሮን በደንብ የሚዘጋ ጫፍ ሊሰማ የሚገባውን ድምፅም ሊከለክል ይችላል። ሁለቱን አመዛዝኖ ለመምረጥ የሚረዱ ነጥቦች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ጫፉ ምን ሥራ ይሠራል?

ጫፍ የምንለው በማዳመጫው አፍ ላይ የሚሰካውንና ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ለስላሳ ክፍል ነው። የአዋቂ ሰው የጆሮ ቀዳዳ ርዝመቱ 2 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል፣ ስፋቱ ደግሞ 7 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ቀጥ ያለ ቱቦ አይደለም፤ ትንሽ ይጠማዘዛል። አፋችንን ከፍተን ስንናገር ወይም ስናኝክ ቅርጹ ይለወጣል። ማዳመጫ ቆሎ ስንቆረጥም የሚላላው በዚህ ምክንያት ነው።

ጫፉ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ማዳመጫው እንዳይወድቅ መያዝ ነው። ሁለተኛው ቀዳዳውን ዙሪያውን መዝጋት ነው። በጫፉና በጆሮው ቆዳ መካከል ትንሽ ክፍተት ካለ መጀመሪያ የሚጠፋው ወፍራሙ ድምፅ ነው። ከበሮው ይከስማል፤ የወንድ ድምፅ ይቀጥናል። «ይህ ማዳመጫ ጥራት የለውም» ተብሎ የሚጣለው ዕቃ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጫፉ ነው። የውጪ ጫጫታን በኤሌክትሮኒክስ የሚቀንሱ ማዳመጫዎችም ቢሆኑ ቀዳዳው ካልተዘጋ ሥራቸውን በአግባቡ አይሠሩም።

ሲሊኮን ወይስ ስፖንጅ?

አብዛኞቹ ማዳመጫዎች የሚመጡት ከሲሊኮን ላስቲክ ጫፍ ጋር ነው። ሲሊኮን ቶሎ ይገባል፤ ቶሎ ይወጣል፤ በውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ረጅም ጊዜ ያገለግላል። ጉድለቱ ቅርጹን አለመለወጡ ነው። የሰውየው ቀዳዳ ክብ ካልሆነ በጎን በኩል ክፍተት ይቀራል። ሲያልብም ይንሸራተታል።

የስፖንጅ ጫፍ የሚሠራው ሲጨመቅ የሚያንስ፣ ሲለቀቅ ደግሞ ቀስ ብሎ ወደ ቀድሞ መጠኑ ከሚመለስ ፖሊዩሬቴን ነው። የዚህ ዓይነቱ ስፖንጅ መነሻ የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ነው፤ በ1966 ለአውሮፕላን መቀመጫ የተሠራ ነበር። ዛሬ በፍራሽና በትራስ ውስጥ የምናገኘው የዚያ ዘር ነው። በሠራዊት ያገለገሉ ወይም ጫጫታ ባለበት ፋብሪካ የሠሩ ሰዎች ደግሞ በጣት ተጠቅልሎ ጆሮ ውስጥ በሚገባው የጆሮ መድፈኛ፣ በዕብራይስጡ አትሜ ኦዝናይም በሚባለው፣ ያውቁታል። የስፖንጅ ጫፍ ያንኑ መድፈኛ መሐሉን በስቶ ድምፅ እንደ ማስገባት ነው።

ስፖንጁ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ሲያብጥ የቀዳዳውን ቅርጽ ይይዛል። በዚህ የተነሳ አይንሸራተትም፤ የውጪ ጫጫታም ይቀንሳል፤ ወፍራሙ ድምፅ ይመለሳል። ጉድለቱም አለ። ለማስገባት ጊዜ ይወስዳል፤ ላብና የጆሮ ኩክ ይመጥጣል፤ በየቀኑ ለሚጠቀም ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ያረጃል። ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ለስለስ የሚያደርግበት ጊዜም አለ። በቀን 10 ጊዜ አውጥቶ ለሚያስገባ ሰው ሲሊኮን ይሻላል። አንዴ ሰክቶ አንድ ሰዓት በባቡር ለሚጓዝ ግን ስፖንጅ ይመቻል።

ከመግዛትዎ በፊት፦ ማዳመጫዎ ጫፍ ይቀበላል?

ሁሉም ማዳመጫ ጫፍ የለውም። ተራው ኤርፖድስ ጆሮ አፍ ላይ የሚያርፍ እንጂ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ስላልሆነ ጫፍ አይሰካበትም። ኤርፖድስ ፕሮ ግን ጫፍ አለው፤ ይሁን እንጂ መያዣው ሞላላና የራሱ ብቻ ስለሆነ ለእርሱ ተብሎ የተሠራ ስፖንጅ ያስፈልጋል። አንዳንድ ማዳመጫ ደግሞ ከፋብሪካው ስፖንጅ ይዞ ይመጣል፤ የሶኒ ደብልዩ ኤፍ 1000 ኤክስ ኤም 4 እና ኤክስ ኤም 5 እንዲህ ናቸው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት የማዳመጫውን ሣጥን ፈትሾ ያልተነኩ ጫፎች መኖራቸውን ማየት ይበጃል። ብዙ ሰው ትንሹንና ትልቁን ጫፍ ሳይሞክር ከሣጥኑ ጋር ይጥላቸዋል።

ሦስት መጠኖች

ጫማ በአንድ ቁጥር ይገዛል። የማዳመጫ ጫፍ ግን ሦስት መጠኖች አሉት፤ ሦስቱም መገጣጠም አለባቸው።

የመጀመሪያው የውስጥ ቀዳዳው ነው። ጫፉ የሚሰካበት የማዳመጫው አፍ ውፍረት ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ ከ3 ሚሊሜትር እስከ 6 ሚሊሜትር ገደማ ይደርሳል። የጫፉ ቀዳዳ ከአፉ ከሰፋ ማዳመጫው ሲወጣ ጫፉ ጆሮ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ከጠበበ ደግሞ ሲሰካ ይቀደዳል። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ የማዳመጫዎ ስምና ሞዴል መጻፉን ያረጋግጡ። «ለሁሉም ይሆናል» የሚል ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛው የውጪ ስፋቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ተብሎ ይሸጣል፤ በማሸጊያው ላይ ኤስ፣ ኤም እና ኤል በሚሉት ፊደላት ይጻፋል። ስፖንጅ ተጨምቆ ስለሚገባ «ትልቁ ይበልጥ ይዘጋል» ብሎ ማሰብ ያጓጓል። ነገር ግን የበዛ ትልቅ ስፖንጅ የቀዳዳውን ግድግዳ እየገፋ ያሳምማል። መካከለኛውን መጀመሪያ መሞከር ደንብ ነው። ሦስቱም መጠኖች ተደባልቀው የሚሸጡበት ማሸጊያ ካለ ለመጀመሪያ ጊዜ እርሱን መግዛት ይመረጣል። ሁለቱ ጆሮዎች እኩል ካልሆኑ ለቀኙ ትልቅ፣ ለግራው መካከለኛ ማድረግ ምንም ነውር የለውም።

ሦስተኛው ቁመቱ ነው፤ ብዙዎች የሚረሱት ይህንን ነው። ጫፉ ረጅም ከሆነ የማዳመጫው ማስቀመጫ ሣጥን በደንብ አይዘጋም፤ ወይም ማዳመጫው የኃይል መሙያውን ነጥብ አይነካም። በማግስቱ ጠዋት አንዱ ጆሮ ባትሪ ጨርሶ ይገኛል። አዲሱን ጫፍ ከሰኩ በኋላ ሣጥኑን ዘግተው መብራቱ መሙላቱን ማሳየቱን ይመልከቱ።

አገባቡ

የስፖንጅ ጫፍ እንደ ሲሊኮን ገፋ ተደርጎ አይገባም። በትክክል ያልገባ ጥሩ ስፖንጅ ደግሞ ከመጥፎ ሲሊኮን አይሻልም። አገባቡ ይህ ነው፦

1. እጅዎን ይታጠቡና ያድርቁ።

2. ጫፉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እያሽከረከሩ ይጫኑት፤ እስኪቀጥን ድረስ። በክረምት ጠዋት ስፖንጁ ጠጠር ስለሚል በመዳፍዎ ትንሽ ያሙቁት።

3. በሌላኛው እጅዎ በራስዎ ላይ አሻግረው የጆሮዎን የላይኛውን ክፍል ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉ። ይህ ጠመዝማዛውን ቀዳዳ ያቀናዋል።

4. ጫፉ ሳያብጥ ፈጥነው ያስገቡት፤ ጆሮዎንም ይልቀቁ።

5. ማዳመጫውን በጣትዎ ደገፍ አድርገው ቀስ ብለው ከ1 እስከ 15 ይቁጠሩ። ስፖንጁ ሲያብጥ የውጪው ድምፅ እየራቀ ሲሄድ ይሰማዎታል።

ሲያወጡ በድንገት አይሳቡት። ትንሽ ጠምዘዝ አድርገው አየር እንዲገባ ካደረጉ በኋላ በዝግታ ያውጡ።

መምጠኑን በምን እናውቃለን?

መሣሪያ የማይጠይቁ አራት ሙከራዎች አሉ።

የከበሮ ሙከራ፦ ከበሮ ያለበትን የሚያውቁትን ዘፈን ይክፈቱ። ማዳመጫውን በጣትዎ በቀስታ ወደ ውስጥ ጫን ያድርጉ። ሲጫኑት ከበሮው በጣም ከጎላ፣ ሲለቁት ከከሰመ፣ ቀዳዳው አልተዘጋም ማለት ነው፤ እንደገና ያስገቡት ወይም መጠኑን ይቀይሩ። ልዩነት ከሌለ መጥኗል።

የራስ ድምፅ ሙከራ፦ ምንም ሳይከፍቱ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው ይቁጠሩ። ጆሮ ሲዘጋ የራሳችን ድምፅ ከጋን ውስጥ እንደሚወጣ ሆኖ ይሰማል። በአንዱ ጆሮ ብቻ እንዲህ ከሆነ ሌላው ክፍተት አለው።

የማኘክ ሙከራ፦ ዳቦ ወይም ቆሎ እያኘኩ ራስዎን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያንቀሳቅሱ። የሚላላ ከሆነ አንድ መጠን ከፍ ይበሉ።

የሩብ ሰዓት ሙከራ፦ 15 ደቂቃ አድርገውት ይቀመጡ። መጀመሪያ ላይ ሙሉ የመሆን ስሜት የተለመደ ነው። ሕመም፣ ማሳከክ ወይም የመውጋት ስሜት ግን የተለመደ አይደለም። አንድ መጠን ዝቅ ይበሉ።

ኤርፖድስ ፕሮን ጨምሮ አንዳንድ ማዳመጫዎች ጫፉ በደንብ መዝጋቱን በስልኩ ላይ የሚፈትሹበት መንገድ አላቸው። የስልክዎን ቅንብር ልጆች ወይም የልጅ ልጆች ቢያሳዩዎት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ድምፁን ዝቅ የማድረግ ትርፍ

ሰው ጫጫታ ባለበት ቦታ ሲያዳምጥ ጫጫታውን ለማሸነፍ ድምፁን ይጨምራል፤ ሲጨምርም አይታወቀውም። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት፣ በ80 ዴሲቤል ነው። ለልጆች 75 ዴሲቤል ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ85 ዴሲቤል በሳምንት 12 ሰዓት ተኩል፣ በ90 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ100 ዴሲቤል 20 ደቂቃ ብቻ ይቀራል።

ይህን ወደ መንገዱ እናምጣው። በየቀኑ ለሥራ ሄዶ ሲመለስ ሁለት ሰዓት የሚያዳምጥ ሰው በአምስት ቀን 10 ሰዓት ይሞላዋል። በ80 ዴሲቤል ከሆነ ሰፊ ቦታ አለው። ጫፉ እየላላበት 90 ዴሲቤል ላይ ካደረገው ግን የሳምንቱ ልክ ማክሰኞ ማታ ሳይደርስ ያልቃል። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን የሚቀበሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ አዲሱን ጫፍ ባደረጉበት ቀን ድምፁን በነበረበት አይተዉት። መጀመሪያ ዝቅ አድርገው ይጀምሩና ንግግሩ ጥርት ብሎ እስኪሰማ ብቻ ከፍ ያድርጉ። የአይፎን ስልክ ያላቸው በቅንብሩ ውስጥ ድምፁ ከተወሰነ ዴሲቤል እንዳያልፍ መገደብ ይችላሉ፤ ለልጆች ስልክ ይህን ማድረግ ተገቢ ነው። ካወጡት በኋላ ጆሮዎ የሚጮህ ወይም የታፈነ ከመሰለዎት ድምፁ በዝቶ ነበር ማለት ነው።

አዝአካው ቢነፋስ?

በእኛ አካባቢ ለዚህ ጥያቄ ልዩ ቦታ መስጠት ያስፈልጋል። ኖቬምበር 15 ቀን 2012 በቂርያት ማላኺ የመኖሪያ ሕንፃ ላይ የወደቀ ሮኬት 3 ሰዎችን ገድሏል። ከዚያ ወዲህም በቂርያት ማላኺ፣ በገዴራና በያቭኔ አዝአካ ብዙ ጊዜ ተሰምቷል። ወደ ማማድ ወይም ወደ ሚክላት ለመግባት ያለው ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠር ነው።

ሁለቱንም ጆሮ በስፖንጅ ዘግቶ፣ በላዩ ላይ የጫጫታ መቀነሻውን ከፍቶ ዘፈን የሚያዳምጥ ሰው ከሩቅ የሚመጣ አዝአካ ላይሰማ ይችላል። የሚመጣ መኪና፣ የብስክሌት ደወል፣ ከሌላ ክፍል የሚያለቅስ ሕፃንም እንዲሁ። ስለዚህ የሚከተለውን ልማድ ማድረግ ይገባል።

መንገድ ላይ ሲሄዱና መንገድ ሲሻገሩ አንዱን ጆሮ ክፍት ያድርጉ። ነገር ግን በአንድ ጆሮ ብቻ ሲያዳምጡ ድምፁን ከፍ የማድረግ ፈተና ስላለ ይጠንቀቁ። ማዳመጫዎ የዙሪያውን ድምፅ በማይክሮፎን የሚያስገባበት አሠራር ካለው ከቤት ውጭ እርሱን ይክፈቱ። ስልኩን ሌላ ክፍል አይተዉት፤ የፒኩድ ሃኦሬፍ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ንዝረቱ እንዲሰማዎ ኪስዎ ውስጥ ይሁን። ብቻዎን ከሆኑ፣ በተለይም ልጆች እየጠበቁ ከሆነ፣ ሁለቱንም ጆሮ አይዝጉ። ውጥረት ባለበት ጊዜ ደግሞ በስፖንጅ ምትክ ላላ ያለውን ሲሊኮን መልሶ መስካት ብልህነት ነው።

በሥራ ቦታ

በማሽን አጠገብ ለሚሠራ ሰው አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። የስፖንጅ ጫፍ ያለው ማዳመጫ የጆሮ መከላከያ አይደለም። መከላከያው ምን ያህል ዴሲቤል እንደሚቀንስ ተፈትኖ በማሸጊያው ላይ ይጻፋል። ተራ የማዳመጫ ጫፍ ግን እንዲህ ያለ ፈተና አላለፈም፤ በዚያ ላይ ራሱ ድምፅ ይጨምራል። ከአሠሪው የተሰጠውን መድፈኛ አውጥቶ በምትኩ ማዳመጫ ማድረግ ሁለት ጉዳት በአንድ ላይ መቀበል ነው። ፎርክሊፍት በሚንቀሳቀስበት መጋዘን ውስጥ ደግሞ የሕይወት አደጋ ነው።

ንጽሕና እና ጥንቃቄ

የስፖንጅ ጫፍ በሳሙና አይነከርም፤ በአልኮልም አይጠረግም፤ ይበላሻል። በትንሹ እርጥብ በሆነ ንጹሕ ጨርቅ ጠርገው አየር ላይ ያድርቁት። ሳይደርቅ ሣጥን ውስጥ አይዝጉበት። ተጨምቆ ቶሎ ካልተጠቀለለ ወይም ከለቀቁት በኋላ ወደ ቅርጹ ካልተመለሰ፣ ከተሰነጠቀ፣ ቀለሙ ከተለወጠ ይጣል። የሌላ ሰው ስፖንጅ አይዋሱ፤ የራስዎንም አያውሱ።

ኩክ ስለበዛ ጆሮን በክብሪት እንጨት፣ በፀጉር መርፌ ወይም በጥጥ መቆፈር አያስፈልግም። በአገር ቤት አንዳንዶች አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉት የነበረው የብር ኩክ ማውጫም ለጌጥ ይቀመጥ። ቁፋሮ ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ጫፉ ጆሮ ውስጥ ከቀረም በወረንጦ አይታገሉ፤ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ጆሮው የሚመግል፣ የሚያመው፣ ታምቡሩ የተቀደደ ወይም በቅርቡ የጆሮ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ሐኪም ሳያማክር ጆሮ የሚዘጋ ጫፍ አይጠቀም። ለትንንሽ ልጆችም አይሰጥ፤ ጫፉ ወልቆ ሊዋጥ ይችላል።

ሌላም ማስታወሻ አለ። ጫፉ መጥኖ፣ አራቱንም ሙከራ አልፎ፣ አሁንም ንግግር በደንብ የማይሰማዎት ከሆነ፣ ወይም የቤተሰብ ሰው «ቴሌቪዥኑን አበዛኸው» እያለ የሚያማርር ከሆነ፣ ችግሩ የማዳመጫው ላይሆን ይችላል። በኩፓት ሆሊም የቤተሰብ ሐኪምዎን ጠይቀው ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ይሂዱ፤ የመስማት ምርመራም ይጠይቁ። ምርመራው አያምም።

ሱቅ ሲገቡ

በዕብራይስጥ ማዳመጫው ኦዝኒዮት፣ ጫፎቹ ጉሚዮት፣ ስፖንጁ ስፎግ ይባላል። «ጉሚዮት ስፎግ ለኦዝኒዮት» ብለው የማዳመጫዎን ሞዴል ከነቁጥሩ ያሳዩ። ማዳመጫውንና ሣጥኑን ይዘው ቢሄዱ ይሻላል። ማሸጊያው ከተከፈተ ሱቁ ላይመልስ ስለሚችል ከመክፈትዎ በፊት ይጠይቁ። በመጀመሪያ ግዢ ብዙ ጥንድ አይግዙ፤ መጠንዎን ካወቁ በኋላ መጨመር ይቻላል።

ባጭሩ

መጀመሪያ ከሣጥኑ ጋር የመጡትን ጫፎች ሁሉ ይሞክሩ። ካልመጠነ የሞዴልዎን ስፖንጅ በመካከለኛ መጠን ይጀምሩ። ጨምቀው፣ ጆሮዎን ሳብ አድርገው፣ እስከ 15 ቆጥረው ያስገቡ። በከበሮው፣ በራስዎ ድምፅ፣ በማኘክና በሩብ ሰዓት ይፈትኑ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያድርጉ። ከቤት ሲወጡ አንዱን ጆሮ ለመንገዱና ለአዝአካው ይተዉለት።